የወይራ ማርያም የሴቶች መዝገብ

የብርጓል በግራ እጇ ሙቀጫውን ደግፋ በቀኟ ያረረ ገብስ ትወቅጣለች። ገብሱ በገል ላይ ተቆልቶ ተቆልቶ፣ ከመብሰል አልፎ ከሰል ሆኗል። ከድስት ቂጥ የፋቀችውን ጥላሸት ትነሰንስበትና እንደገና ትወቅጣለች። ቆይታ ደግሞ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ያሳደረችውን የግራር ሙጫ ጠብ ታደርግበታለች። ዱቄቱ መጀመሪያ ይቋጠራል፤ ከዚያ ይላላል፤ በመጨረሻ በጣት ሲነኩት እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። አባቷ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ቀለም መድረሱን የሚያውቁት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አንድ ጠብታ አኑረው፣ ጣታቸውን ወደ መሬት ደፍተው፣ ጠብታው ሳይወርድ ሲቀር ነበር። እሷም እንዲሁ አደረገች። ጠብታው ቆመ።

ቀለሙ ግን ለዳዊት መጻፊያ አልነበረም። ለመንግሥት መዝገብ ነበር።

ጊዜው የ1949 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያ ክረምት ከደብረ ማርቆስ በመጣ ትእዛዝ የይጁቤ ገበያና በዙሪያው ያሉት አጥቢያዎች አንድ የምርጫ ክልል ሆኑ። የምርጫ ክልል ምን እንደሆነ በወይራ ማርያም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጭቃ ሹሙ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቁመው እንደተናገሩት፣ የክልሉ ሰው አንድ ሰው መርጦ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ የተላከው እንደራሴ ይባላል፤ በምክር ቤት ተቀምጦ ስለ ላኩት ይናገራል። ለመምረጥ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሴትም ትመርጣለች ሲሉ ወንዶቹ ሳቁ። ሴቶቹ አልሳቁም፤ ፈሩ።

የሰው ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ ከሰፈረ ከኋላው ገመድ ይከተላል ይባል ነበር። ገመዱ ቀላድ ነው፤ መሬት የሚለካበት። ሌላ አገር ቀላድ ከተጣለ በኋላ ባለርስቱ ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን ያልሰማ ጎጃሜ የለም። ስለዚህ የወንዶቹ መዝጋቢ እንዳላማው የቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ሦስት ቀን ተቀምጦ አንዲት ሴት እንኳ አልቀረበችውም። አንዷን መንገድ ላይ አስቁሞ ስሟን ቢጠይቃት፣ ባሌን ጠይቀው ብላው እንስራዋን አዝላ ሄደች።

በዚህ ምክንያት ነው የምርጫው ሹም ባላምባራስ ዓባይ የብርጓልን ወደ ይጁቤ ያስጠሯት። በአጥቢያው መጻፍ የምትችል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። የአባቷ ዓይን ሲደክም ብራናውን በወስፌ የምታሰምርላቸው፣ ብርዕ የምትቀርጽላቸው፣ በኋላም የጎደለ ቃል የምትሞላላቸው እሷ ነበረች። ባሏም አባቷም ከሞቱ በኋላ ግን ይህን ችሎታዋን እንደ ነውር ደብቃ፣ ጎመኗን እየኮተኮተች፣ ፈትሏን እየፈተለች ትኖር ነበር። ሰው ፊት መናገር ያስጨንቃታል። ባላምባራስ ፊት ስትቆም የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ትጠመጥም ነበር።

ባላምባራስ አንድ መዝገብ፣ አንድ ጠርሙስ ቀለምና አንድ የብረት ብዕር ሰጧት። መዝገቡ ሃያ አራት ቅጠል ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ራስ ላይ ቁጥርና ማኅተም አለበት።

«ልብ አድርጊ፤ ይህ ሰነድ ነው» አሏት። «የምትጽፊው እውነተኛውን ስም ነው። የቤት ስም፣ የቁልምጫ ስም አልቀበልም። ቅጠል ቢጎድል ደግሞ የምጠይቀው አንቺን ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለች። ሌላ ነገር ልትጠይቅ አስባ ምላሷ እምቢ አላት።

ቤቷ ስትደርስ ግን የሚጠየቅ ነገር ያለም አልመሰላት። የቤት ስም ማለት ሰው የሚጠራበት ነው፦ የብርጓል፣ ሽታዬ፣ ማንጠግቦሽ። እናት በወለደች ጊዜ የተሰማትን ታወጣዋለች፤ አማት ካልወደደችው ትለውጠዋለች። እውነተኛው ስም ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ከጠበል ስትወጣ ቄሱ የሚሰጧት የክርስትና ስም ነው። ነፍስ የምትጠራው በእሱ ነው፤ በሞት ጊዜ ፍትሐት የሚደረገው በእሱ ነው። አባቷ በጻፉት ዳዊት መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ያስጻፈ ሰው ሁሉ የሚሰፍረው በክርስትና ስሙ ነበር። መጽሐፍ የሚባል ነገር ሌላ ስም ሊቀበል እንደሚችል የብርጓል አታውቅም። ያውም ማኅተም ያለበት መጽሐፍ።

በጠርሙስ የመጣውን ቀለም በጥፍሯ ላይ ፈተነችው፤ እንደ ውኃ ወረደ። እንዲህ ያለ ቀለም ሰባት ዓመት አይቆይም ብላ ነው ገብስ ማሳረር የጀመረችው። ብረቱንም ትታ የመቃ ብርዕ ቀረጸች።

ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ። መዝገብ ፍለጋ የመጡ እንዳይመስሉ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ እሳት ልትጭር፣ አንዷ የጠፋች ዶሮ ልትጠይቅ ትገባለች። የብርጓል ከበሩ አጠገብ ብርሃን ባለበት ተቀምጣ፣ ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠግታ፣ የክርስትና ስማቸውን ትጠይቃለች። አብዛኞቹ ሲሰሙት ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ያ ስም እናት፣ የክርስትና እናትና የንስሐ አባት ብቻ የሚያውቁት ነው። መጥፎ ሰው እጅ ከገባ ሰውየው በስሙ ላይ ይደግምበታል፤ የተደገመባት ሴት ጽንሷ ይጨነግፋል፣ ልቧ ይሰለባል፣ ትከሳለች፣ ወደ በረሃ ትሮጣለች ይባላል። ይህን የሚጠራጠር ሰው በወይራ ማርያም አልነበረም። የብርጓልም አትጠራጠርም።

ከሁሉ የፈራችው ጎረቤቷ ሽታዬ ነበረች፤ የስድስት ልጆች እናት፣ ከአንድ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት የምታስለው። ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። በአራተኛው ተቀመጠችና ወረቀቱ የሚመጣው ለገመድ እንዳልሆነ እንድትምልላት ጠየቀቻት።

የብርጓል አሰበችና «ለገመድ ቢሆን የዓለም ስምሽን ነበር የሚሹት» አለቻት። «ጎረቤት የሚመሰክርበትን። ይኼ የነፍስ ስም ነው። በነፍስ ስም መሬት አይለካም።»

ይህ ቃል ሽታዬን አሳመናት። ከሽታዬ አፍ ወጥቶም ሌሎቹን አሳመነ። የብርጓል በመጀመሪያው መስመር ላይ የራሷን አስፍራ ነበርና ያንን እያሳየች ሌሎቹን ታደፋፍር ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ መዝገቡ ስልሳ ሦስት ስም ያዘ። ከስልሳ ሦስቱ አሥራ አንዱ የይጁቤ የታችኛው ገበያ እስላም ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ፊተኛዋ ከሪማ ነበረች፤ ጨው፣ ክርና ላምባ የሚሸጠው የአብዱረዛቅ ሚስት። የብርጓል ከሪማን የምታውቃት ፈትሏን ስለምትገዛት ነው፤ ሳታፍር የምታነጋግራት ሰው ብትኖር እሷ ነበረች። ስሟን ከጻፈች በኋላ በልማድ ጆሮዋን አስጠግታ ሌላ ስም እንዳላት ጠየቀቻት።

«አባቴ ያወጣልኝ ይኼን ብቻ ነው» አለች ከሪማ። «ሁለተኛ ካስፈለገ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ልግዛልሽ። እናንተስ ምን ሆናችሁ ነው አንዱን ለብሳችሁ አንዱን ሣጥን የምትከቱ?»

የብርጓል ሳቀች። በዚያ ክረምት ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ እንዳላማው የጨረሰውን የወንዶች መዝገብ በብብቱ ይዞ ደጇ ላይ ቆመ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ወንድ መጻፉን ሊያሳያት ነው የመጣው። አመስግና ልትሸኘው ስትል፣ ቅዳሜ ማልዳ ይጁቤ እንድትደርስ፣ ሚስማር እሱ እንደሚያመጣ ነገራት።

«የምን ሚስማር?»

«የመለጠፊያ ነዋ። ቅጠሉ ተፈቶ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ሦስት ቀን ይሰቀላል። ስሜ ቀረ የሚል፣ እገሌ ዕድሜው አልደረሰም የሚል ሁሉ አንብቦ ያመለክታል። አዋጅ ነው። ባላምባራስ አልነገሩሽም?»

አልነገሯትም። ወይም ነግረዋት ከፍርሃቷ የተነሣ አልሰማችም። እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀመጠችና መዝገቡን እንዲያሳያት ለመነችው። የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጠላት። አላምረው፣ ደምስ፣ ምንይችል፣ ጓዴ። አንድም ወልደ፣ አንድም ገብረ የሚል አልነበረበትም። የራሱ የእንዳላማው ስም እንኳ ሰው እንደሚጠራው እንዳላማው ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት፤ ጥሩ ነው አለችው። ከሄደ በኋላ መዝጊያውን ገጥማ፣ ከውስጥ በርጩማ አስደግፋ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሐምሳ አንድ ሴቶች በጆሮዋ የሾኮሾኩላት ስም፣ ከራሷ ስም ጋር፣ በገበያ ቀን፣ በአደባባይ፣ በሚስማር ሊቸነከር ነው።

ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ መሪጌታ አካለ ወልድ አገኟት። መሪጌታ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ማንንም ሲሰድቡ ተሰምተው አያውቁም። ግን ከእሳቸው ጋር በድንበር የተካሰሰ ሰውዬ ዓመት ሳይሞላው አብዷል፤ ላሟን አላበድርም ያለቻቸው ሴት ላሟ ደም ታልባለች። ስለዚህ ሰው ሲያያቸው መንገድ ይለቃል። የብርጓልም መንገድ ለቀቀች። እሳቸው ግን ቆሙ።

«የሴቶቹን ቅዳሜ ትለጥፊያለሽ አሉ።»

«አዎ መሪጌታ።»

«ጥሩ ነው። እኔም ብርዕና ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። ልገለብጠው ነው።»

ለምን እንደሆነ መጠየቅ አልቻለችም። ለአንደኛው ተመራጭ የመራጭ ስም እንዲሰበስቡ ተለምነው ይሆናል፤ እንዲህ የሚሠራ ሰው በዚያ ሰሞን አይጠፋም ነበር። ሌላም ይሆናል። ምላሹ የትኛውም ቢሆን ስሞቹ በእሳቸው ወረቀት ላይ ያድራሉ።

ቤቷ ገብታ የአባቷን መፋቂያ ቢላ አወጣች። አባቷ ሲሳሳቱ ብራናውን በዚህ ቢላ ፍቀው ያስተካክሉት ነበር። የሽታዬን ስም ከፊደሉ ጫፍ ጀምራ ቀስ ብላ ፋቀች። ወረቀት ብራና አይደለም፤ ሳስቶ ሳስቶ በማዶው ብርሃን መታየት ጀመረ። ደንግጣ ተወችው። በእርጥብ ጨርቅ ሞከረች። የጠርሙሱ ቀለም ቢሆን ወዲያው በደበዘዘ ነበር። የአባቷ ቀለም ግን አልነቃነቅም አለ። ያን ያህል የደከመችለት ቀለም፣ እንዳይጠፋ ብላ የሠራችው፣ አሁን እንደ ዕዳ አፍጥጦ ያያታል።

እሳት አጠገብ ሦስት ጊዜ አቀረበችው። ሦስት ጊዜም መለሰችው። የሰው የክርስትና ስም እሳት ውስጥ አይጣልም፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ያውም።

ዓርብ መዝገቡን በአባቷ የዳዊት ማኅደር ከትታ፣ በቀሚሷ ሥር አስራ፣ ጎደል ሲል ወንዙን ተሻግራ ይጁቤ ከሪማ ዘንድ ሄደች። አብዱረዛቅ ሱቁ ውስጥ ላምባ ይቀዳል፤ ከሪማ ጓዳ አስገባቻት። የብርጓል ሁሉንም ነገረቻት፤ ስትነግራት እንባዋ አገጯ ላይ ይደርስ ነበር። ከሪማ መጀመሪያ ለባላምባራስ እውነቱን ነግራ ሌላ መዝገብ እንድትለምን መከረቻት።

«ሌላ ይሰጡኝ ይሆናል። ይኼንን ግን አይመልሱልኝም» አለች የብርጓል። «ማኅተም አለበት። እዚያው ሣጥናቸው ውስጥ ይቀራል፤ ሣጥኑን ማን እንደሚከፍተው አላውቅም።»

ከሪማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ትናንት ጥቁር ውኃ የሰውዬውን አህያ ከነጭነቱ ወስዷል» አለቻት። «አህያ የወሰደ ወንዝ መጽሐፍ አያቅተውም።»

ጥቁር ውኃ በወይራ ማርያምና በይጁቤ መካከል ያለው ወንዝ ነው፤ ድልድይ የለውም። የብርጓል ነገሩ ገባት፤ ሲገባት ከበፊቱ የባሰ ፈራች። መዝገቡን ከሪማ ተቀብላ በክር ሣጥኗ ታችኛው ወለል፣ ከቀዩና ከአረንጓዴው ድውር በታች አስቀመጠችው። ማንበብ አልችልምና ከእኔ ዘንድ ስም አይወጣም አለቻት።

የብርጓል ከሪማ ጓዳ አድራ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን ወንዙ ዳር ወረደች። ውኃው ቀይ ነው፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። እስከ ጉልበቷ ገብታ ልብሷን አርሳ ልትወጣ ነበር ሐሳቧ። አንድ እርምጃ ስትጨምር ግን ከእግሯ ሥር ያለው ድንጋይ ተንከባለለና ውኃው እስከ ደረቷ ያዛት። ለቅጽበት እግሯ መሬት አጣ። የያዘችው የሾላ ሥር ባይኖር ኖሮ ለባላምባራስ የምትነግረው ነገር ሁሉ እውነት ይሆን ነበር። ስትወጣ ነጠላዋ ሄዷል።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ የወንዶቹ ቅጠሎች ተሰቅለው ሰው ተሰብስቧል። እንዳላማው በአፉ ሚስማር ይዞ ይጠብቃታል። ከበሩ አጠገብ መሪጌታ አካለ ወልድ በርጩማ አስመጥተው ተቀምጠዋል፤ የቀለም ቀንዳቸው መሬት ተተክሏል፤ ብርዓቸው ተቀርጿል፤ ጉልበታቸው ላይ ነጭ ወረቀት አለ።

ባላምባራስ መዝገቡን ጠየቋት።

«ወንዙ ወሰደው ጌታዬ።»

ድምፅዋ ስላልተሰማ አስደገሟት። ደገመችው። ባላምባራስ ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ከቀሚሷ ውኃ ይንጠባጠባል።

«አንቺን ትቶ መጽሐፉን?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ንጉሥ ይሙት በይ።»

የብርጓል ይህን አላሰበችበትም ነበር። በንጉሥ ስም በሐሰት የማለ ሰው እጁ ይቆረጥ ነበር ሲሉ አባቷ ነግረዋታል፤ ያም ባይሆን ሰማይ ይሰማል። ቀና ስትል የመሪጌታን ብርዕ አየች። ጫፉ በቀለም ርሷል፤ ጠብታዋ ለመውደቅ ተንጠልጥላለች። እኝህ ሰው ቀለም መሥራት አያውቁም ብላ ያሰበችው ትዝ ይላታል።

«ንጉሥ ይሙት፤ ወንዙ ወስዶታል» አለች።

መሪጌታ ብርዓቸውን በሣር ጠርገው ወደ ሰገባው መለሱት። በኋላ ላይ ከሪማ፣ የቀለም ቀንድ ለመሪጌታ እንደ ባላገር ዱላ ነው፣ ሳይዙት አይወጡም፣ ምንም ላያስቡ ይችሉ ነበር ብላ ልታጽናናት ሞክራለች። የብርጓል ግን ያን ጠብታ እስክትሞት አልረሳችውም።

ባላምባራስ ሌላ መዝገብ የሚመጣበት ጊዜ ማለፉን ተናገሩ። በወረቀታቸውም ላይ የወይራ ማርያም የሴቶች መዝገብ በውኃ ሙላት ጠፍቷል ብለው አስጻፉ። ወደ የብርጓል ዞረው፣ ወንዙ ሲጎድል ደብረ ማርቆስ ከምርጫው ጽሕፈት ቤት ቀርባ ቃሏን እንድትሰጥ አዘዟት።

«እሺ ጌታዬ» አለች።

በምርጫው ቀን ወንዶቹ ሄዱ፤ ምልክታቸውን መርጠው ወረቀታቸውን ከሣጥን ጨምረው ተመለሱ። ከወይራ ማርያም አንዲት ሴት አልመረጠችም። በዚያ የምርጫ ክልል የመጀመሪያ ሰነድ ላይ የሴቶቹ ቦታ ባዶ ነው።

ሴቶቹ ግን ስለ ምርጫው አላዘኑም። የፈሩት ሌላ ነው፤ ስማችን ወንዝ ገባ ብለው። ጥቁር ውኃ ጋኔን አለበት፤ አሁን ስልሳ ሦስት ሴት በስም ያውቃል። ማንጠግቦሽ ልብስ ለማጠብ ወንዝ መውረድ ተወች። የአንዲቷ ሕፃን ሲሞት በዚያ ተሳበበ። የብርጓል ሰላምታ ስትሰጥ ፊታቸውን የሚያዞሩ በዙ። እሷም በበኩሏ ወንዙ ጎድሎም ቃሏን ልትሰጥ አልሄደችም፤ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣ ፈረሰኛ በሩቅ ባየች ቁጥር ጎመኑ ውስጥ ትንበረከክ ነበር።

ኅዳር ላይ ሽታዬ ተኛች። ሳሉ ጠንቷል፤ እህል አልቀበል ብላለች፤ ውኃው ይጠራኛል ትላለች። ልጇ ሥራነሽ ጠበል ብታመጣላት ከወንዝ የተቀዳ ነው ብላ መለሰችው። የብርጓል ሁለት ቀን ደጇ ላይ ቆማ ተመለሰች። ብትናገር ነገሩ አፍ ለአፍ ሄዶ ባላምባራስ ጋ ይደርሳል፤ ዝም ብትል ሽታዬ በፍርሃት ትሞታለች። በሦስተኛው ቀን ይጁቤ ሄዳ ማኅደሩን ከከሪማ ሣጥን አወጣች። ሽታዬ ቤት ገብታ ሥራነሽን ቅጠል ለቅማ እንድትመጣ ላከቻት፤ በሩን ዘጋች።

መዝገቡን ገልጣ የሽታዬን ጣት ይዛ፣ ቢላ ያሳሳው ቦታ ላይ አኖረችው።

«ይኼውልሽ። አልረጠበም። ማንም አላየውም» አለቻት። ከዚያ በጆሮዋ ስሟን ነገረቻት።

ሽታዬ ወረቀቱን እንደ ሕፃን ራስ ደጋግማ ዳበሰችው። ፊደል አታውቅም፤ ግን አመነች። ቆይታ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ስታስፈራሪ የኖርሽ ፈሪ ብላ በቀስታ ሰደበቻትና አጥሚት ጠየቀች።

ነገሩ ከሽታዬ ወደ ማንጠግቦሽ፣ ከማንጠግቦሽ ወደ ሌላዋ ሄደ። በዓመቱ ስልሳ ሦስቱም ያውቁ ነበር። አንድም ወንድ ግን አልሰማም።

ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ ምርጫ ነበር። ሴቶቹ በዓለም ስማቸው፣ ሌላ ጸሐፊ ፊት ቀርበው ተመዘገቡ፤ እንደራሴዎችም ሄዱ፣ መጡ። አንደኛው በጥቁር ውኃ ላይ ድልድይ አሠራለሁ ብሎ ተመርጦ ነበር፤ ወንዙ ግን እስከ ዛሬ በእግር ነው የሚሻገሩት። የብርጓል ወደ ምርጫው ሣጥን ስትጠጋ ሁልጊዜ አንቺ ነሽ መዝገብ ያጠፋሽው የሚላት ሰው ይኖራል ብላ ትጠብቃለች። በ1960 የግብሩ ሁከት ሲነሣና ወንዶቹ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ እየፈለጉ ሲያቃጥሉ፣ ማኅደሩን ደረቷ ላይ አስራ፣ ስምንት ቀን ከሪማ ጓዳ ተቀምጣለች።

የንስሐ አባታቸው ካረፉ በኋላ ግን ያላሰበችው ነገር መጣ። ሽታዬ በ1958 ስትሞት ቄሱ ለፍትሐት ቆመው፣ ማን ብዬ ልጥራ አሉ። ሥራነሽ አታውቅም፤ እናቷ ስሙ እንዳይወጣባት ብላ ለልጇም አልነገረቻትም ነበር። የሚያውቁት ካህን ሞተዋል። ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ የብርጓል በሴቶቹ መካከል አልፋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በቄሱ ጆሮ ተናገረች። ፍትሐቱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከሐምሳ ሁለቱ ክርስቲያኖች አንዷ ባረፈች ቁጥር የሚላከው ወደ የብርጓል ቤት ነው። መዝገቡን ወደ በሩ ብርሃን ታቀርበዋለች። ወረቀቱ ሻይ መስሏል፤ ቀለሙ ግን ያው ጥቁር ነው።

በ1967 መስከረም ከሪማ ከሱቃቸው ራዲዮ የሰማችውን ነገረቻት። ንጉሡ ከዙፋን ወርደዋል፤ ምክር ቤቱ ተዘግቷል፤ የምርጫ ክልል የሚባልም የለም። የብርጓል ጭኗ ላይ የነበረው እንዝርት ወደቀ።

«ያወረድኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ንጉሥ ይሙት ብዬ በሐሰት ምዬ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት መንገድ ላይ የቆየ መሐላ?» አለች ከሪማ። «እንዲህማ ከሆነ የመጣው በእንዳላማው አንካሳ በቅሎ ነው።»

የብርጓል አልሳቀችም። ብዙ ቀን እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ሄዳ መዝገቡን አስረክባ የታዘዘችውን ቃል ልትሰጥ ቆረጠች። ከሪማ ለማን ብላ ጠየቀቻት፤ የብርጓል ማን እንዳለ አላውቅም፣ ያለው ይቀበለኝ አለች። የመስቀል ሰሞን አልፎ ወንዙ ሲጎድል፣ የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ፣ ማኅደሩን በትከሻዋ አንግታ ተሻገረች። ይጁቤ ላይ እህል የጫነ መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ሊነሣ ነበር። ረዳቱ እጇን ስቦ ጆንያው ላይ አወጣት። በስመ አብ ብላ የጀመረችው ጸሎት ገና ከአፏ ሳያልቅ፣ ሥራነሽ በገበያው መካከል ስትሮጥ አየቻት።

ማንጠግቦሽ ሌሊቱን አርፋለች። ቄሱ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ስሟን የሚያውቅ የለም።

የብርጓል ሾፌሩን ትንሽ እንዲጠብቃት ለመነችው። እሱም በእጁ የደብረ ማርቆስን መንገድ አሳያትና ሞተሩን አስነሣ። ከጆንያው ላይ በቂጧ እየተንሸራተተች ወረደች። መኪናው አቧራውን አልብሷት ሄደ። እሷም ማኅደሩን ወደ ብብቷ አስጠግታ፣ ከሥራነሽ ኋላ ኋላ ወደ ጥቁር ውኃ ወረደች፤ ደብረ ማርቆስን ለሌላ ቀን ብላ።